«ኪንታሮት»፦ አንድ ቃል፣ ሦስት በሽታ፣ ብዙ ዝምታ

«የኪንታሮት መድኃኒት አለን» የሚል ጽሑፍ በአገራችን ከተሞች መንገድ ዳር ማየት ብርቅ አይደለም። ሁላችንም አንብበን እናልፋለን። ግን አንድ ሰው ቆም ብሎ «የትኛው ኪንታሮት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህ ጽሑፍ ሂስ ነው። መጽሐፍ ወይም ፊልም አይተችም። የሚተቸው በብልት ላይ ስለሚወጣ ኪንታሮት የምንናገርበትን መንገድ ነው። ሦስት ነገሮችን በተራ እንመለከታለን፦ ስሙን፣ ስለ ክትባቱ የሚነገረውን መልእክት፣ እና ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን «አንድ ለአንድ መወሰን» የሚለውን ምክር። ሕመሙ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከምና ነፍስ የማያጠፋ ነው። ከሕመሙ በላይ ሰው የሚያስጨንቀው፣ ትዳር የሚያፈርሰው፣ ሕክምና የሚያስቆመው በዙሪያው ያለው ንግግር ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንዲህ እንደምል ላሳያችሁ።

ነገሩን ለመከተል እንዲያመቸን ሁለት ሰዎችን በሐሳባችን እንፍጠር። እሷ ዳንግላ ትኖራለች፣ 24 ዓመቷ ነው። እጮኛዋ እንጅባራ ይሠራል። ሠርጋቸው ለጥር ተቆርጧል። ሁለቱም የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርገው «ነጻ» ተብለዋል። ኅዳር ላይ እሷ ስትታጠብ በእጇ የሆነ ነገር ዳሰሰች፤ ትንንሽ፣ ለስለስ ያሉ፣ ተጠጋግተው የወጡ እብጠቶች። አያሙም። ትንሽ ያሳክካሉ። ለማን ትናገር?

የትኛው ኪንታሮት?

በአማርኛ «ኪንታሮት» ስንል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራለን።

አንደኛው በፊንጢጣ ውስጥና ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ሲያብጡ የሚመጣው ነው። የሆድ ድርቀት፣ ብዙ ማማጥና እርግዝና ያባብሱታል። ቫይረስ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን በልጅነት በጣታችን ወይም በጉልበታችን ላይ ያየነው ሻካራ እብጠት ነው። ይሄኛው የሚመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ነው።

ሦስተኛው በብልት ወይም በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣው ነው። እሱም ከኤች ፒ ቪ ነው፤ ዓይነቱ ግን ይለያል። ኤች ፒ ቪ ከ200 በላይ ዓይነቶች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ ነው፤ ሳይንቲስቶች በቁጥር ይጠሯቸዋል። በብልት ላይ ከሚወጡት ኪንታሮቶች 90 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት ቁጥር 6 እና ቁጥር 11 ናቸው። ለማህጸን በር ካንሰር በዋናነት ተጠያቂ የሆኑት ደግሞ ቁጥር 16 እና 18 ናቸው። ልዩነቱን ያዙት፤ ኋላ ይጠቅመናል።

«እሺ፣ ስም ቢጋሩ ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ችግሩ መድኃኒቱም እንደ ስሙ የጋራ መምሰሉ ነው። በፊንጢጣ ዙሪያ የቫይረስ ኪንታሮት የወጣበት ሰው «የደም ሥር ነው» ብሎ ለወራት ቅባት ይቀባል። የደም ሥር ያበጠበት ደግሞ የአባላዘር በሽታ እንደያዘው ተቆጥሮ ይሸማቀቃል። ለእጅ ኪንታሮት የሚሸጥ አሲድ በብልት ቆዳ ላይ የሚያፈስም አለ። የብልት ቆዳ ስስ ነው፤ ይቃጠላል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል።

ሌላም አለ። ቂጥኝ በሁለተኛ ደረጃው ላይ ኪንታሮት የሚመስል ጠፍጣፋ እብጠት ያወጣል። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ካልታከመ ቆይቶ ልብንና አእምሮን ይጎዳል። በሌላ በኩል በብዙ ወንዶች ብልት ጫፍ ዙሪያ ተሰልፈው የሚታዩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች በሽታ እንኳ አይደሉም፤ እንደ ጠቃጠቆ ያሉ የተፈጥሮ ነገሮች ናቸው። ይህን ሁሉ «ኪንታሮት» የሚለው አንድ ቃል አይለይም። የሚለየው የሠለጠነ ዓይንና አንዲት የደም ምርመራ ነው።

ይህን ስል የባህል ሕክምናን በጅምላ እያጣጣልኩ አይደለም። ሐኪሞች ለዚህ ሕመም ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙበት የኖሩት ፖዶፊሊን ራሱ ከተክል ሥር የሚገኝ ሙጫ ነው። ልዩነቱ በሐኪም እጅ ያለው መጠኑ የተለካ፣ ከተቀባ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መታጠብ እንዳለበት የታወቀ፣ ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ የተጻፈለት መሆኑ ነው። ሂሴ በዕፅዋት ላይ ሳይሆን የበሽታውን ማንነት ሳይጠይቁ መድኃኒት መስጠት ላይ ነው።

ከክትባቱ ስም የወደቀው ግማሽ

አሁን ወደ ሁለተኛው እንለፍ። ኢትዮጵያ የኤች ፒ ቪ ክትባትን በ2011 ዓ.ም. ጀመረች፤ በትምህርት ቤቶች፣ መጀመሪያ 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዘመቻው ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሰፍቶ አንድ መርፌ ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ትልቅ ሥራ ነው። ይህ ክትባት በየቤቱ የሚታወቀው ግን በአንድ ስም ነው፦ «የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ»።

ስሙ እውነት ነው። ግማሽ እውነት መሆኑ ላይ ነው ችግሩ። በ2011 ዓ.ም. አገራችን የገባው ክትባት አራት ዓይነት ቫይረሶችን የሚከላከል ነበር፦ 16፣ 18፣ 6 እና 11። ሁለቱ የካንሰሩ፣ ሁለቱ የኪንታሮቱ። ሁለተኛው ግማሽ ከስሙ ወድቋል።

የሚገርመው ደግሞ ታሪኩ ነው። ክትባቱ የተገኘው በኪንታሮት በኩል መሆኑን ታውቃላችሁ? ሃራልድ ዙር ሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «የማህጸን በር ካንሰር ከፓፒሎማ ቫይረስ ሊመጣ ይችላል» ብሎ ሲነሳ ብዙዎች አልተቀበሉትም። ያኔ ሳይንቲስቶች ጣታቸውን የሚቀስሩት በሌላ ቫይረስ ላይ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ በብልት ኪንታሮት ውስጥ ቁጥር 6ን፣ ከእሱ ተነስተው በጉሮሮ ኪንታሮት ውስጥ ቁጥር 11ን አገኙ። ከዚያም ይህንኑ እንደ መፈለጊያ ተጠቅመው በካንሰር ናሙናዎች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ቁጥር 16ን፣ በ1984 ደግሞ ቁጥር 18ን ለዩ። በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መሰላሉ ኪንታሮት ነበር፤ ጣሪያው ላይ ከደረስን በኋላ መሰላሉን ረሳነው።

«ካንሰር ይገድላል፣ ኪንታሮት አይገድልም፤ መልእክቱ በሚገድለው ላይ ማተኮሩ ምን ያስወቅሳል?» የሚል ሙግት አለ። ጠንካራ ሙግት ነው፤ በቁም ነገር ልንወስደው ይገባል። ደግሞም ክትባቱን ከወሲብ ጋር ማያያዝ ወላጆችን ሊያስደነግጥ ይችላል። የ12 ዓመት ልጅ ያለው አባት «የአባላዘር በሽታ ክትባት» ሲባል «ልጄን ምን አስባችኋት ነው?» ሊል ይችላል። መልእክቱን የቀረጹት ሰዎች ይህን ማሰባቸው ስህተት አልነበረም።

ግን ዋጋ አስከፍሏል። የመጀመሪያው ዋጋ ወንዶች ልጆች ራሳቸውን በመልእክቱ ውስጥ አለማግኘታቸው ነው። ማህጸን የሌለው ልጅ «የማህጸን በር» ሲባል ጆሮውን ለምን ይሰጣል? ቫይረሱ ግን ወንዱንም ይይዛል፣ ኪንታሮቱም ይወጣበታል። የአውስትራሊያን ልምድ ተመልከቱ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሴቶች ልጆችን በዚሁ ባለ አራት ክትባት መከተብ ጀመሩ። ወደ አባላዘር ክሊኒኮች ከመጡ 21 ዓመት ያልሞላቸው ሴቶች መካከል ኪንታሮት የተገኘባቸው በ2007 ከመቶ 11.5 ነበሩ፤ በ2011 ከመቶ 0.85 ብቻ ሆኑ። ያልተከተቡት በዚያው ዕድሜ ያሉ፣ ከሴቶች ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶችስ? ከ12.1 ወደ 2.2 ወረዱ። እህቶች ሲከተቡ ወንድሞችም ተጠበቁ ማለት ነው። ይህን ለእንጅባራ ወንድ ተማሪ ብትነግሩት ስለ እህቱ ክትባት የሚሰጠው አስተያየት አይለወጥም?

ሁለተኛው ዋጋ የዳንግላዋ ልጅ የምትከፍለው ነው። ስልኳን አውጥታ ትፈልጋለች። «ኤች ፒ ቪ» የሚለውን ስታገኝ አጠገቡ ያለው ቃል «ካንሰር» ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የላትም። ቁጥር 6 እና 11 ግን ወደ ማህጸን በር ካንሰር የሚወስዱ ዓይነቶች አይደሉም። በብልት ላይ የወጣ ኪንታሮት «ካንሰር ጀመረኝ» ማለት አይደለም። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ዓይነት ቫይረስ ሊይዘው ስለሚችል፣ ዕድሜዋ ሲደርስ እንደ ማንኛዋም ሴት የማህጸን በር ቅድመ ምርመራ ማድረግ ይኖርባታል። በአገራችን ምርመራው በተለይ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሰጣል፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ ሴት ቀደም ብሎ ይጀመራል። ከዚህ በተረፈ መተኛት ትችላለች።

«ማን አመጣው?»

ሦስተኛው ሂሴ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የምተቸው ምክር ጥሩ ምክር ነው። «መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ ኮንዶም መጠቀም» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። በኤች አይ ቪ ዘመን የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ችግሩ ምክሩ ውሎ አድሮ የፍርድ መለኪያ መሆኑ ነው። «አንድ ለአንድ የተወሰነ ሰው አይያዝም» ከተባለ፣ «የተያዘ ሰው አልተወሰነም» የሚለው በራሱ ይከተላል። ኪንታሮት ሲወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ይታከማል?» መሆኑ ቀርቶ «ማን አመጣው?» ይሆናል። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሠርግ ይሰረዛል፣ ትዳር ይፈርሳል።

ሳይንሱ ምን ይላል? ቫይረሱ ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ግን ከሳምንታት እስከ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም የረዘመ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ይባስ ብሎ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድም ቀን ኪንታሮት አያወጡም፤ ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ፣ ሳያውቁት ያስተላልፋሉ። የኪንታሮቱ መውጫ ቀን የቫይረሱ መግቢያ ቀን አይደለም። «ከማን? መቼ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ምርመራ የለም። ለወንዶች ደግሞ ቫይረሱ አለ ወይም የለም የሚል የተለመደ ምርመራ ራሱ የለም።

ይህ ማለት ማንም አያታልልም ማለት አይደለም። ሰው ነን። ኪንታሮት ግን ለምስክርነት አይበቃም። ሌላ ማስረጃ ካለ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በኪንታሮት ብቻ ተነስቶ መፍረድ ግን ደመና አይቶ «ትናንት እዚህ ዘንቧል» እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ሌላም ቃል መተቸት አለብኝ፦ «ንጹህ»። ከሠርግ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ መልካም ነው። ውጤቱ ሲመጣ ግን «ሁለታችንም ንጹህ ነን» እንላለን። የኤች አይ ቪ ምርመራ ስለ ኤች አይ ቪ ብቻ ይናገራል፤ ስለ ኤች ፒ ቪ አንዳች አይልም። ደግሞ ቃሉ ሌላ ነገር ያስከትላል፤ ቫይረስ የሌለው «ንጹህ» ከሆነ ያለበት ምን ሊባል ነው? ኤች ፒ ቪ በዓለም ላይ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ የሚያገኝ ቫይረስ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ቆሻሻ ልንል ነው?

ታዲያ የዳንግላዋ ልጅ እጮኛዋን እንዴት ትንገረው? በመጀመሪያ ራሷ ትታይ፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ብትነግረው ሁለቱም በግምት ይጣላሉ። ከዚያ ተረጋግተው በሚቀመጡበት ሰዓት፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ እንዲህ ማለት ትችላለች፦

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ እስክጨርስ ስማኝ። ብልቴ ላይ ኪንታሮት ወጥቶብኝ ታየሁ። ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ነው፤ ኤች አይ ቪ አይደለም። መቼ እንደገባ፣ ከማን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም፤ አንተ ጋ ኖሮም ላታውቀው ትችላለህ። እየታከምኩ ነው። አንተም ሄደህ ብትታይ ደስ ይለኛል። አብረን እንሂድ ብትልም እሺ።»

አጭር ናት፣ ውሸት የለባትም፣ ማንንም አትከስም። እጮኛ ወይም ባል የሚማታ ከሆነ ግን ብቻን ሆኖ መንገር ግዴታ አይደለም፤ ባለሙያው ባለበት መንገር ይቻላል። ደኅንነት ይቀድማል።

አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ደግሞ «ከአሁን በኋላ መነካካት የለም ወይ?» ይላሉ። ኪንታሮቱ እየታየ፣ ሕክምናውም ቆዳውን እያቆሰለ ባለበት ጊዜ ከግንኙነት መቆጠብ ይመከራል። ኮንዶም የመተላለፍ ዕድሉን ይቀንሳል፤ ሁሉንም ቆዳ ስለማይሸፍን ግን ሙሉ በሙሉ አያግድም። ለረጅም ጊዜ አብረው የቆዩ ጥንዶች ምናልባት ቫይረሱን ቀድመው ተጋርተውታል፤ ለዘላለም መራራቅ አያስፈልጋቸውም።

ጉቶውና ቡቃያው

እንበልና ታከመች። ኪንታሮቱ ጠፋ። በስድስተኛው ሳምንት ግን ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ተመለሱ። «መድኃኒቱ አልሠራም»፣ «እሱ እንደገና አስያዘኝ»፣ «ይሄ ነገር የሕክምና አይደለም» የሚሉት ሐሳቦች የሚመጡት እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ሕክምናውን የሚያቆመውም እዚሁ ላይ ነው።

የአዊ ልጆች ይህን ለመረዳት ከማንም ትቀርባላችሁ። በፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ለከሰል የሚተክሉትን ዲከረንስ ታውቁታላችሁ፤ ሲቆረጥ አበቃ፣ እንደገና ችግኝ መትከል ያስፈልጋል። ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የብልት ኪንታሮት ጠባዩ የባሕር ዛፍ ነው። በዓይን የምናየው እብጠት ግንዱ ነው። ቫይረሱ የሚኖረው በቆዳው ታችኛ ንብርብር ባሉ ሕዋሶች ውስጥ ነው፤ በኪንታሮቱ ዙሪያ ጤነኛ በሚመስለው ቆዳም ውስጥ ሊኖር ይችላል። በፖዶፊሊን ቢቀባ፣ በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ቢቃጠል፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቢቀዘቅዝ ወይም በኤሌክትሪክ ቢቆረጥ የሚወገደው የሚታየው ነው። ቫይረሱን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም።

ስለዚህ ከታከሙ ሰዎች ብዙዎቹ፣ ከአራት አንዱ ወይም ከዚያም በላይ፣ ኪንታሮቱ ይመለስባቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ። መመለሱ የሕመሙ የታወቀ ጠባይ ነው። ሐኪሙ አለመቻሉን አያሳይም፣ እጮኛዋም ሌላ ጋ መሄዱን አያሳይም።

ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ደስ የሚለውም እዚያ ነው። ባሕር ዛፍ ዓመት ከዓመት ያቆጠቁጣል። ይህን ቫይረስ ግን የሰውነት መከላከያ ቀስ ብሎ ያደክመዋል። አብዛኞቹ የኤች ፒ ቪ ኢንፌክሽኖች በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ሰውነት ራሱ ተቆጣጥሯቸው በምርመራ እንኳ የማይገኙ ይሆናሉ። አንዳንድ ኪንታሮትም ሳይታከም በራሱ ይጠፋል። ሕክምናው ግንዱን እየቆረጠ ጊዜ ይሰጣል፤ ጉቶውን የሚያደርቀው ሰውነት ነው።

ከዚህ ተነስተን ተግባራዊ የሆኑትን እንያዝ። ሲመለስ ተመልሶ መሄድ፤ ሁለት ሦስት ዙር ሕክምና የተለመደ ነው። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራ ማድረግ፤ መከላከያ አቅም ሲዳከም ኪንታሮት ይበዛል፣ ቶሎ ቶሎም ይመለሳል። ኪንታሮት ባለበት ቦታ ፀጉር አለመላጨት፤ ምላጭ ቆዳውን እየፈተፈተ ቫይረሱን ሊያዛምት ይችላል። ሲጋራ ማቆም። ያረገዘች ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት ይህንኑ ለባለሙያው አስቀድማ መንገር፤ በእርግዝና ጊዜ ኪንታሮት ሊያድግ ይችላል፣ የማይሰጡ መድኃኒቶችም አሉ። ጸበል የሚሄድ ሰው ይሂድ፤ ሕክምናውን ግን አያቋርጥ፣ ቁስሉ ላይም ሌላ ነገር አይቀባበት።

መንገዱና ጎረቤቱ

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፤ ሰው ሐኪም ጋ ተመላልሶ መሄድ ይችላል የሚል። ይህንንም መተቸት ተገቢ ነው። በትንሽ ከተማ ካርድ ክፍል ያለችው የአክስት ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤቱ የጎረቤት ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን በየጤና ጣቢያው አይገኝም። የቆዳ ሐኪም ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር መሄድ ገንዘብና ቀን ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር «በሦስት ሳምንት ተመለሺ» የሚለው ቀጠሮ ወረቀት ላይ ይቀራል። ደጋግሞ መታየት ለሚፈልግ ሕመም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መፍትሔው ሁሉ በእናንተ እጅ ነው አልልም። ግን ማወቅ የሚጠቅማችሁ ነገር አለ። ትንንሽ ኪንታሮቶችን በአሲድ ወይም በፖዶፊሊን ማከም ውስብስብ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ተቋም ጠይቁ። የታካሚ ምስጢር መጠበቅ የባለሙያ ግዴታ ነው፤ «ይህ እዚሁ ይቅር» ብላችሁ ፊት ለፊት መናገር መብታችሁ ነው። መንገድ ተዘግቶ ቀጠሮ ቢያልፍ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም። ኪንታሮት በሳምንታት መዘግየት ወደ ከፋ ነገር አይቸኩልም። በመዘግየት የምትፈሩትን ያህል፣ ተስፋ ቆርጦ ያልታወቀ ነገር መቀባትን ፍሩ።

ታዲያ ምን ይባል?

የሚተች ሰው የተሻለ ማሳየት አለበት። በዩኒቨርሲቲ ሚኒ ሚዲያ ወይም በትምህርት ቤት ክበብ መልእክት የማዘጋጀት ዕድል ቢገጥማችሁ እኔ የምጽፈው ይህን ይመስል ነበር፦

«ኪንታሮት የሚባለው አንድ በሽታ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ታይታችሁ እወቁ። በብልት ላይ የሚወጣው ከኤች ፒ ቪ ነው፤ ይታከማል፣ ሊመለስም ይችላል፤ ሲመለስ ተመለሱ። ካንሰር አይደለም፤ የክህደት ማስረጃም አይደለም። የኤች ፒ ቪ ክትባት ለእህቶቻችሁ ነው፤ ጥቅሙ ግን ለሁላችሁም ነው።»

ይኸው ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ይበቃል። ካንሰርን አላሳነሰም፣ መታመንን አልተቃወመም፣ ወላጅንም አያስደነግጥም።

የዳንግላዋን ልጅ ጥያቄ ላይ ትተናት ነበር፤ «ለማን ትናገር?» ብለን። በእውነተኛው ሕይወት እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው ለሐኪም ላይሆን ይችላል። ለጓደኛ ነው፤ ምናልባት ይህን ላነበበ ለአንዳችሁ። ያን ቀን «ከማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ታየሽ?» በሉ። ካልታየች አብራችኋት ሂዱ።